ከሥዕሉ ግርጌ የተኛችው ልጅ

ከመጻሕፍቴ መደርደሪያ ላይ፣ በመዝገበ ቃላቱና በግድግዳው መካከል፣ አንድ የበሬ ቀንድ ጫፍ አለ። ከመካከለኛ ጣቴ ብዙም አይረዝምም፤ ውስጡ ቀይ ቀለም ደርቆበታል። ቤቴ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ከመጡት ውስጥ ግን ስለ ቀንዱ ሳይጠይቀኝ የሄደ የለም። «የአባቴ ነው» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ አልናገርም። የሰቆጣ አቧራ በበጋ አያስቀምጥምና በሳምንት አንድ ቀን ሁሉንም አውርጄ እወለውላለሁ። እርጥቡ ጨርቅ ቀንዱን ሲነካው ይሸታል። የተቀቀለ ቆዳ፣ ያደረ ጭስና ዝናብ የነካው አፈር አንድ ላይ የሚሸት ነው። ያን ጊዜ ጨርቁን እንደያዝሁ የዐሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

አባቴ ከደብር ደብር የሚዞር የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ እኔን የሚተውበት ዘመድም አልነበረውምና ከአህያዋ ጭነት ጋራ እኔንም ይዞ ይዞር ነበር። ጭነቱን ዛሬም በቃሌ ልቆጥረው እችላለሁ፦ አንድ ጥቅል አቡጀዲ፣ በወረቀት የተቋጠሩ የዱቄት ቀለሞች፣ የጀሶ ከረጢት፣ ማጣበቂያ የሚሆነው ቆዳ የሚቀቀልበት ጥቀርሻ የጠገበ ድስት፣ ራሱ ከፍየል ፀጉር ያሰራቸው ብሩሾች፣ ቀለም የሚበጠበጥባቸው ቀንዶች። አንዲት ነገር ተረስታ ከተገኘች ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲቆጣኝ «ወለተ ሰንበት!» ብሎ በክርስትና ስሜ ይጠራኛል፤ ሲጸልይልኝም እንዲሁ። በሌላው ቀን ትርንጎ ነበርሁ።

ሥራው ከመስከረም እስከ ግንቦት ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው እርጥበት ይይዛል፣ ጨርቁ አልጣበቅ ይላል፣ ወንዙም አያሻግርም። ስለዚህ ክረምቱን ሰቆጣ በተከራየናት አንዲት ክፍል ተቀምጠን በበጋ ያገኘውን እንበላለን። ገበሬ የሚከፍለው ያለውን ነው፤ ገብስ፣ ማሽላ፣ ማር፣ አንዳንዴም ፍየል። ገብሱን ገበያ ለማውረድ ሌላ አህያ እንከራያለን፤ ኪራዩ ከዚያው ከገብሱ ላይ ይወጣል። ፍየሉ የሁለት ቀን መንገድ ሲነዳ ከስቶ ይደርስና ገዢ በእጁ ጀርባውን ዳብሶ ፊቱን ያዞራል። ቀለም ነጋዴው ግን ጥሬ ብር ካልሆነ አይቀበልም። በተለይ ሰማያዊው ውድ ስለነበር አባቴ ለማርያም ልብስ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ወረቀቱን ሲፈታ ትንፋሼን እንድይዝ ያዝዘኝ ነበር።

የሥራውን ዋጋ እኔም አውቀው ነበር። ቅዱሳኑ በክንድ ተለክተው፣ ሰው በራስ ተቆጥሮ ነው። ደብሮቹ ለጨርቁ እንኳ የሚበቃ ገንዘብ ስለማይኖራቸው እያንዳንዱን ሥዕል አቅም ያለው አንድ ምእመን ያሥለዋል። ያሣለው ሰው ከሥዕሉ ግርጌ፣ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይሣላል፤ ከጎኑም የክርስትና ስሙ ይጻፍለታል። ይህ ለራሱ ነው። ሚስቴም ትግባ ልጄም ይግባ ካለ ለአዋቂ ሁለት ቁና፣ ለልጅ አንድ ቁና ገብስ ይጨምራል። እዚህ ላይ ያልተከራከረን ሰው አልገጠመንም። አንድ አባት የታቀፋትን ሕፃን ወደ አባቴ ከፍ አድርጎ፣ «ይቺ እኮ ገና አልቆመችም! ቁና ሙሉ ትሆናለች እንዴ?» አለው። አባቴም ቀለሙን መበጥበጡን ሳያቆም፣ «እንግዲያው ስትቆም እመጣለሁ» አለ። ሰውዬው ስቆ ከፈለ።

አባቴ የሰው መልክ አይቶ አይሥልም። ደጎቹ ሁሉ አንድ ፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን ነበራቸው፤ በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ የሚታየው ክፉዎቹ ናቸው። ይሁን እንጂ የከፈለ ሰው መሬት ላይ ሳይተኛ የተሣለ አይመስለውም ነበር። ስለዚህ ግቢው ሣር ላይ በሆዱ ያስተኛውና ራሱን ዘንበል ቀና እያደረገ ጥቂት ያየዋል። «በቃ፣ ይዤዎታለሁ፤ ይነሡ» ይላል በኋላ። ሰውዬው ሣሩን ከደረቱ እያራገፈ ደስ ብሎት ይነሣል።

ምግባችንና ማደሪያችን ከዋጋው ውጪ፣ በመንደሩ ተራ ነበር። አባቴ ከካህናቱ ጋራ ደጀ ሰላም ያድራል። እኔ ግን ተረኛው ቤት ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋራ ነኝ፤ ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ። ቤቶቹ ተበታትነው ስለሚገኙ አንዳንዱ ዳገት ያስወጣል፣ አንዳንዱ ሸለቆ ያሻግራል። ቤቱን በሽታው ነበር የማውቀው፦ ይኸ ፍየል፣ ይኸ ሰም፣ ይኸ የታመሰ ገብስ። ሁሉም ያበሉኛል፤ ክፉ የሠራብኝ ሰው አላስታውስም። ግን ጥቅሌን ፈትቼ አላውቅም። ከራስጌዬ አድርጌው እተኛለሁ፤ ሲነጋ አንሥቼው እሄዳለሁ። ልጆቹ የሚያወሩት በአገውኛቸው፣ በኽምጣና ነበር፤ እኔ ጥቂት ቃል ብቻ እይዛለሁ። ቅልሞሽ ሲጫወቱ ግን ቋንቋ አያስፈልግም። ጠጠሯን ወርውሮ ሌላውን አፍሶ መቅለብ ነው። በዚያ ጎበዝ ነበርሁ። ስማቸውን ለይቼ መጥራት ስጀምር ተራው ይዞርና ሌላ ቤት፣ ሌላ ልጆች።

የማልረሳት ደብር ጋዝጊብላ ደጋ ላይ ያለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ናት። የገባነው በየካቲት ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ ቀልድ የሚወዱ፣ ዋጋ ላይ ግን ድንጋይ የሆኑ ሰው ነበሩ። ትንንሾቹን ሥዕሎች ለመንደሩ ሰው አከፋፈሏቸው። ትልቋን፣ ልጇን የታቀፈችውን ማርያም፣ እማማ ብርቄ አሣሏት። እማማ ብርቄ ባላቸው የሞተባቸው፣ የወለዷቸውም ያልቀሩላቸው፣ ቀፎና ፍየል ያላቸው ሴት ናቸው። ሁለት ሙክት ፍየልና አንድ ገንቦ ማር ለመክፈል ተስማሙ። አባቴ በዚያ ዓመት ያገኘው ትልቁ ዋጋ ነበር። «የክረምቱን ኪራይ ይችለናል፤ ለቀለምም ይተርፋል» ብሎ ለአህያዋ ሲነግራት ሰምቻለሁ። ለእኔ በቀጥታ የማይነግረኝን ለእርሷ ይነግራት ነበር።

ተራው እማማ ብርቄ ቤት ሲደርስ እንደ ሌላው ቀን አድሬ፣ ሲነጋ ጥቅሌን አንሥቼ በሩ ላይ ቆምሁ።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ተራው ከወንዙ ማዶ ነው።»

«የማን ተራ? እኔ ተራ መቁጠር አላውቅም» አሉና ከግድግዳው ችንካር ላይ የራሳቸውን ነጠላ አነሡ። «ይኸ ችንካር ያንቺ ነው። ነይ ስቀይ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ልብሴ ተሰቅሎ አያውቅም። ጥቅሌን ፈትቼ ያለችኝን አንዲት ቅያሪ ቀሚስ ሰቀልሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ አየኋት። ግድግዳ ላይ ስትሆን የእኔ አልመስል አለችኝ። እማማ ብርቄ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄደው የመንደሩን ተራ ሁሉ ለራሳቸው ወሰዱ። ሦስት ወር ሙሉ ከአንድ ቦታ ተኝቼ ከዚያው ቦታ ተነሣሁ።

በሚያዝያ አንድ ቀን ከግቢው ካብ ሥር ቀዩን ቀለም በድንጋይ ስፈጭ፣ አባቴና እማማ ብርቄ ከካቡ ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ስንት ሞላት?»

«ዐሥር ሆናት እሜቴ።»

«እንግዲህ በየሰው ቤት የምታድር ልጅ ናት? አስበኸዋል ወይ?»

«አስባለሁ እንጂ።»

«ፊደልስ?»

«አስጀምሬያት ነበር። ሥራ ሲበዛ ተውነው።»

«ከዚህ ቁልቁል ትምህርት ቤት አለ። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ይሄዳሉ።»

ድንጋዩን አቆምሁ።

«ከእሷ ሌላ የለኝም እኮ እሜቴ» አለ አባቴ።

«እኔስ ማን አለኝ?» አሉ እማማ ብርቄ።

ሌላ የሰማሁት የለም። ድንጋዩ ዝም ማለቱን ሰምተው ይሆናል።

የማርያም ሥዕል ተሥላ ግርጌው ሲቀር፣ አባቴ እማማ ብርቄን ሣሩ ላይ አስተኛቸው። ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያያሉ።

«ብርቄ፣ አፍንጫሽን ቀና እንዲያደርግልሽ ስንት ጨመርሽለት?»

«ዝም ይበሉ አባ! አንገቴ ሊቀነጠስ ነው። ምነው አንተ ሰዓሊ፣ ቶሎ በል እንጂ!»

«ትንሽ ይታገሡ እሜቴ» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ትርንጎ፣ ሂጂ ከጎናቸው ተኚ።»

የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ስንት ደብር ዞረን፣ ስንት ሰው ሲተኛ አይቼ፣ እኔ ተሥዬ አላውቅም። ሮጬ ተኛሁ። ሣሩ ጉንጬን ይወጋኛል፤ የእማማ ብርቄ ክንድ ክንዴን ነክቶታል፤ ሰውነታቸው ሰም ሰም ይሸታል። ዋጋውን ግን አልረሳሁም።

«አባዬ፣ ለእኔ ማን ከፈለ?»

ቄሰ ገበዙ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ራሱንም ዘንበል ቀና አላደረገም። ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ አየኝ።

«ተከፍሏል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን አየሁት። ከማርያም ሰማያዊ ልብስ በታች አንዲት ትልቅ ሴትና አንዲት ልጅ ጎን ለጎን ተደፍተዋል። መጀመሪያ ያየሁት ዓይኔን ነው፤ ሁለቱም አሉ። ከጎናችን በጥቁር ቀለም ሁለት መስመር ጽፏል።

«ምን ይላል?» አልሁት።

ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ፣ «‹እመቤቴ ሆይ ጠብቂያቸው› ይላል» አለኝ።

ጽሑፉን አየሁት። ማንበብ ባልችልም መቁጠር እችላለሁ። እርሱ ያለው ሦስት ቃል ነው፤ የተጻፈው ብዙ ነው።

«ጽሑፉ ረዥም ነው እኮ።»

«ሲነበብ ያጥራል» አለና ቀንዶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ሥዕሉ በግንቦት ልደታ ተባረከ። በማግሥቱ አባቴ አህያዋን ጫነ። ጭነቱን እንደ ወትሮው ልቆጥር ስል፣ «አንቺ ለአሁኑ እዚህ ቆዪ። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ለመስቀል መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝ። ከቀንዶቹ አንዱን፣ ቀዩን፣ እጄ ላይ አኖረው። «እንዳይደርቅ ውኃ ጠብ አድርጊበት።» ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ። ከኋላው የቄሰ ገበዙ ልጅ ሁለቱን የእማማ ብርቄ ሙክቶች እየነዳ ተከተለው። ጥግ እስኪታጠፉ ቆሜ አየሁ፤ አባቴ፣ አህያዋ፣ ሁለት ፍየል። ወደ ኋላ አልዞረም።

ያን ክረምት ጉሙ ከደጁ አይጠፋም ነበር። እማማ ብርቄ ጠዋት ጠዋት የገብስ ዳቦ ላይ ማር አፍስሰው ይሰጡኝና እስክጨርስ ድረስ ከፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። ንብ ያለው ቤት ነውና ማሩ አላስገረመኝም። በቀንዱ ውስጥ ውኃ ጠብ አደርጋለሁ፤ ቀለሙም አልደረቀም። መስቀል ደረሰ። አባቴ አልመጣም፤ በገበያተኛ እጅ ሁለት ደብተርና አንድ እርሳስ ላከ። በዚያው ሰሞን በዐሥራ አንድ ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ከመምህሩ በስተቀር ከክፍሉ ረዥሟ እኔ ነበርሁ፤ የሰባት ዓመት ልጆች «እማማ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ከኋላ ተቀምጬ ማንንም ሳላናግር ፊደሉን በሁለት ወር ጨረስሁት።

በልደታ በዓል ከእማማ ብርቄ ጋራ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እርሳቸው ሲሰግዱ እኔ ግርጌውን አነበብሁ። ቀስ እያልሁ፣ ፊደል በፊደል፦ «ይህን ሥዕል ያሣሉ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ከልጃቸው ከወለተ ሰንበት ጋራ።»

እንደገና አነበብሁት። ወለተ ጊዮርጊስ እማማ ብርቄ ናቸው። ወለተ ሰንበት እኔ ነኝ። «ከልጃቸው» ይላል። የአባቴ ስም የትም የለም፤ ሰዓሊ ስሙን አይጽፍም። ሥዕሉ ከመባረኩ በፊት፣ እኔ ሣር ላይ ተኝቼ ደስ ሲለኝ፣ ነገሩ አልቆ ነበር። «ተከፍሏል» ያለኝን አስታወስሁ፤ ቁልቁለቱን የወረዱትን ሁለት ፍየሎችም። ልጅ ነበርሁ፤ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ቤት ስደርስ ቀንዱን ከችንካሩ በላይ ካለው ስንጥቅ ውስጥ ወሽቄ ውኃ ማጠጣቱን ተውሁ።

አባቴ በቀጣዩ መስቀል መጣ። ከስቶ ነበር። ለእኔ የገዛውን ነጭ ሸራ ጫማ ይዞ በሩ ላይ ሲቆም፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ጎንበስ ብዬ «እንደምን ዋሉ፤ ይግቡ» አልሁት። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የምለው። እማማ ብርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አባቴ ግን ገባና እንግዳ የሚቀመጥበት ላይ ተቀመጠ። ሁለት ቀን አደረ። ሲሄድ «ንባቡ እንዴት ነው?» አለኝ፤ «ደኅና ነው» አልሁ። ግርጌውን እንዳነበብሁት የነገረው ያለ አይመስለኝም፤ ሳይነገረውም ገብቶታል። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣ፣ እየራቀም ሄደ። ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ደሃና ውስጥ ሲሥል ከቆየበት ደብር መርዶው መጣ። እዚያው ቀብረውት ነበር። አላለቀስሁም። ያን ሌሊት ብቻ ሳይሆን ዓመታቱን ሙሉ ሳላለቅስ ቆየሁ።

እማማ ብርቄም ካረፉ ብዙ ሆነ። አምና ታኅሣሥ ላይ ቄሰ ገበዙ ልከው አስጠሩኝ። በጨርቅ የተሣሉት አርጅተው ሊወርዱ ነው፤ በምትካቸው የታተሙ ሥዕሎች መጥተዋል፤ አንቺ ያለሽበት ሳይወርድ ነይ እይው ብለው ነው። ያኔ ከሰቆጣ በእግር የምንጓዘውን በመኪና በጥቂት ሰዓት ደረስሁ። አዲሶቹ ሥዕሎች ተጠቅልለው በላስቲክ ታስረዋል። ቀለማቸው ያምራል፤ በግርጌያቸው የተኛ ሰው የለም።

ቄሰ ገበዙ ዓይናቸው ደክሟል። ሥዕሉን በእጃቸው እየዳበሱ፣ «ትርንጎ፣ አባትሽ ሞኝ ሰው ነበር» አሉኝ።

«ለምን አባ?»

«በዚች ሥዕል አንዲት ሳንቲም አልወሰደም። ሁለቱን ሙክት በልጄ አስነድቶ ሰቆጣ አሸጣቸው፤ ብሩን ለእኔ ሰደደልኝ። ‹ለልብሷና ለደብተሯ፣ ኋላም ከተማ ስትገባ ለቤት ኪራይዋ› አለ። በዚያ ብር ነው የተማርሽ። እርሱ ባዶ እጁን ነው የወረደው።»

«እማማ ብርቄ አልነገሩኝም።»

«አስምሏት ነዋ! ‹ካወቀች ተከትላኝ ትመጣለች። ትጥላኝና ትማር› አለ። እኔ አልማልሁም፤ ግን የሚጠይቀኝ አጣሁ።»

ግርጌውን አየሁት። ጥቁሩ ጽሑፍ ደብዝዟል፤ ልጅቷ ሁለት ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች። «ማሩስ?» አልሁ።

«ማሩን?» አሉና ሳቁ። «ማሩንማ አንቺ ነሽ የበላሽው። ክረምቱን በዳቦ እየቀባች እንድታበላሽ ነው የተወው።»

ሥዕሉ ዕቃ ቤት ገባ። እኔም ወደ ሰቆጣ፣ ወደ መጻሕፍቱ፣ ወደ ጸጥተኛው ቤቴ ተመለስሁ። ዛሬ ደመወዜ በየወሩ በስልኬ ይገባል። አህያ አልከራይለትም፤ መንገድ ላይ አይከሳብኝም። አባቴ በተቆራረጠ አቡጀዲ ላይ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብሎ ከሚያገኘው ይልቅ፣ መልእክቱ ጢን ባለ ቁጥር የሚገባው ይበልጣል። ያን ጊዜ ቀንዱን አውርጄ ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ። ይህን ያህል ዓመት ደርቆ እንኳ ጥቂት ቀይ ይለቃል።

ያን ክረምት አባቴ ሰቆጣ ውስጥ፣ በዚያች ኪራይዋ ባልተከፈለ ክፍል፣ ምን በልቶ እንደከረመ ብጠይቅ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እኔ የበላሁትን ግን አውቃለሁ።